የመልአኩ ሁለተኛ ዓይን

ጉዞው የተጀመረው ሰኞ ዕለት ከጧቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ የነቢያት ጾም በተያዘ በሁለተኛው ሳምንት። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በዚያ ሰዓት ገና አይሞቅም። አባቴ ሻንጣዬን እስከ ፉርጎው በር ተሸክሞ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ቴሌግራፍ ሲመታ የኖረ ሰው ስለሆነ ይሆናል፣ ስንብቱም አጭር ነበር።

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ» አለኝ። «ያልተጠየቅሽውን አታውቂውም።»

ቅዳሜ ዕለት አንድ ካራቢኔሬ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ደብዳቤ አምጥቶልን ነበር። አዲስ አበባ ያለ የጥንታዊ ዕቃዎች ኃላፊ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዳይለት ይጠራኛል። ስሜን ከየት እንዳገኘው ለመገመት ብዙ አላሰብኩም። በአሥራ አራት ዓመቴ የሚሲዮን እናቶች ወደ ጣሊያኗ ከተማ ወደ ፊሬንዜ ወስደውኝ ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት በአንድ ሠዓሊ ቤት ቀለም ስፈጭ፣ የእንጨት ገበታ ሳለሰልስና የድሮ ሥዕሎችን ስገለብጥ ቆየሁ። መምህሬ በመጨረሻ «እጅሽ ይፈራል፣ ዓይንሽ ግን አይፈራም» ብለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ላኩኝ፤ የህዳሴ ዘመን ሥዕሎችን ታሪክ ተማርኩ። አገሬ የተመለስኩት ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ካቻምና አዲስ አበባ ላይ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል፣ አባቴ የምስክር ወረቀቴን በቆርቆሮ ከትቶ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቀበረው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ እናቴ የሎሚውን ዛፍ ነበር ያየችው።

ይህን የምጽፈው ጣሊያኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ዘመዶቼና ጓደኞቼ አዲስ አበባ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ ብርዱና ስለ ባሕር ዛፉ ብቻ እየነገርኩ ከረምኩ። የቀረው ይኸው።

ከደብዳቤው ጋር የመጣው የጉዞ ወረቀቴ ሁለተኛ ማዕረግ ይላል። ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተኝ። ሦስተኛው ማዕረግ ውስጥ አንዲት መንደሪን የምትነግድ የሐረር ሴት ጆንያዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

«ወረቀትሽ ሁለተኛ ይላል፣ ቆዳሽ ሦስተኛ ይላል» አለችኝ። «ነይ ተቀመጪ። እዚህ ቢያንስ ነፋስ አለ።»

ነፋሱ አሸዋ ነበር። እስከ አዋሽ ድረስ ጥርሴ ውስጥ ይንቋቋ ነበር። ሴትዮዋ መንደሪን እየላጠች ታጎርሰኛለች፤ ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን በጥፊ መታችው።

አዋሽ የደረስነው ሲመሻሽ ነው፤ ባቡሩ እዚያ ያድራል። ፍተሻው ላይ አንድ ወታደር ሻንጣዬን ገልብጦ ማጉሊያ መስተዋቴን አገኘ። በፊሬንዜ የመጀመሪያ ዓመቴ የገዛሁት፣ የቀንድ እጀታ ያለው መስተዋት ነው። የገዛ ጥፍሩን አየበት፣ የጓደኛውን ጆሮ አየበት።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

በቋንቋው መልስ መስጠት እችላለሁ፤ ግን ቋንቋቸውን ማወቄ ራሱ ሌላ ጥያቄ እንደሚያመጣ አሰብኩና ዘገየሁ። ከኋላዬ ያለችው መንደሪን ሻጭ «ቅማል መፈለጊያ ነው በዪው» አለችኝ በአማርኛ፣ እየሳቀች። ወታደሩ ሳቋን አይቶ ሳቀ፣ መስተዋቱን ኪሱ ከቶ አሳለፈን። ያን ሌሊት ከእሷና ከሌሎች ስድስት ሴቶች ጋር በጣቢያው ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኛን፤ ምድጃው እስኪነጋ ይሞቅ ነበር። ያለ መስተዋቴ አዲስ አበባ እንደምገባ እያሰብኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ባቡሩ ሽቅብ ሲያቃስት ዋለ። ሞጆን ካለፍን በኋላ በመስኮቱ የሚገባው አየር ተለወጠ፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ አየር የሚገኘው የታሸገ የውሃ ጉድጓድ ሲከፈት ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ጣቢያው ስንደርስ ጥርሴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአባቴ የሥራ ጓደኛ ሚስት እትዬ አስካለ መድረኩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከዚያ በፊት አይታኝ አታውቅም። ሆኖም ከፉርጎው ስወርድ ቀጥ ብላ መጥታ ነጠላዋን አወለቀችና ደረበችልኝ።

«የድሬዳዋን ልጅ በመንቀጥቀጧ ነው የማውቃት» አለች።

ቤታቸው ቂርቆስ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አሉ። ባሏ በሥራ ላይ ስለነበር የእሱን አልጋ ሰጠችኝ፤ እሷ መደብ ላይ ተኛች። እራት ሽሮና ጎመን ነበር። ዶሮዎቹን አይቼ በጾሙ እንቁላሉን ምን እንደምታደርገው ጠየቅኋት።

«ካዛንቺስ ይሄዳል» አለች። «ፈረንጆቹ አይጾሙም። እኛ በጾምን ቁጥር እነሱ ይወፍራሉ።»

ረቡዕ ጧት በእግር ወጣሁ። ከቂርቆስ ካዛንቺስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ግን ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ስለወደቅኩ ሞላብኝ። እኛ አገር መሬቱ አሸዋ ነው፤ ብትወድቂ ታራግፊዋለሽ። የአዲስ አበባ ጭቃ ግን አብሮሽ ይገባል። ካዛንቺስ ያን ጊዜ አዲስ ነበር፤ ለጣሊያን ሹሞች የተሠሩ ቤቶች ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቢጫ ግድግዳና ቀይ ጡብ ጣሪያ። ጎዳናው እንደ ድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ጥላ የለውም፤ ዛፎቹ ገና ችግኞች ነበሩ። ግማሹ መንደር ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነበርና ቀይ አፈር በየቦታው ተከምሯል። የእኛ ሰው ያለ ሥራ አይገባም፣ ሲመሽም አይቆይም።

የጠራኝ ሹም ቤት በር ላይ አንድ ቡሉቅባሽ፣ ማለት ለጣሊያን ያደሩ የሐበሻ ወታደሮች አለቃ፣ ቆሟል። ከማዶ ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር የቀለም ቀንድና የተጠቀለለ ብራና የሚታይበት የቆዳ ማኅደር አለ። ቡሉቅባሹ ወረቀቴን እያነበበ ወደ እሳቸው በአገጩ ጠቆመ።

«እኚህን መምሬ ታያለሽ? ሦስት ሳምንታቸው ነው። ከአጥሩ ጋር አብረው የተተከሉ ነው የሚመስሉት።»

«አንተም ከበሩ ጋር ተተክለሃል ልጄ» አሉት ቄሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እኔን የሚነቅለኝ እግዚአብሔር ነው። አንተን ማን እንደሚነቅልህ እንጃ።»

ቡሉቅባሹ ፈገግ አለ፤ መላመዳቸው ያስታውቃል። ቄሱ መምሬ ተክሌ ይባላሉ። ከመንዝ ወዲያ ካለች አንዲት ትንሽ ገዳም ነው የመጡት፣ በእግራቸው። ሥዕሏን ወታደሮች ከመቅደስ አውጥተው ሲያመጧት ተከትለዋት መጡ።

«አንቺ ነሽ አሉ የምትፈርጂው» አሉኝ። «የአገር ሰው ሥራ ከሆነች ይመልሱልኛል። የሮማ ሰው ሥራ ከሆነች ወደ ሮማ ትሄዳለች። እንዲህ ነው ያሉኝ።»

«አላየኋትም፣ አባ» አልኩ።

«እሱስ ልክ ነው። ሳያዩ አይፈርዱ።»

ሹሙን ሁሉም ዶቶሬ፣ ማለት ዶክተር፣ ይሉታል። ረጅምና ከሲታ ነው፣ ጉንፋን ይዞታል፣ ጨዋ ነው። ከጨካኝ ይልቅ ጨዋው እንደሚያስፈራኝ ያን ቀን አወቅሁ። ሥዕሏ የመመገቢያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ተነጥፎላት ቆማለች። ቁመቷ ክንድ ያህል ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፣ በአጠገቧ አንድ መልአክ አበባ ይዞ ተንበርክኳል።

ገና ሳልቀመጥ አወቅሁ። የእመቤታችን አውራ ጣት የሕፃኑን ጭን ጫን ሲል ሥጋው ወደ ውስጥ ይገባል። አገጯ ሥር ያለው ጥላ አረንጓዴ ነው። የፊሬንዜ መምህሬ የሥጋ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ከሥር አረንጓዴ አፈር ያስቀቡን ነበር፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ሲሳሳ አረንጓዴው ብቅ ይላል። በእኛ አገር እንዲህ የሚሠራ ሠዓሊ አላውቅም። ከአራት መቶ ዓመት በላይ በፊት እዚህ መጥቶ የነገሥታት ሠዓሊ የሆነ ጣሊያናዊ እንደነበር ይነገራል። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ እጁ ግን የዚያ አገር እጅ ነበር።

መልአኩ ሌላ ነገር ነው። አፍንጫውና አፉ ወደ ጎን ዞረዋል፣ ወደ እመቤታችን፤ ዓይኖቹ ግን ሁለቱም ወደ እኛ ያያሉ። ይህን የሚረዳ የእኛ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ሠዓሊዎች ወግ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው፣ ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ከሃዲ ነው። ፈረንጁ ግን በአገሩ ልማድ መልአኩን በጎኑ ሣለው። ስህተቱ ይህ ነበር። ከእሱ በኋላ አንድ የአገር ሠዓሊ መጥቶ ሁለተኛ ዓይንና ጉንጭ ጨመረለት፤ ዳራውንም በሰማያዊ ሸፈነው።

ዶቶሬው አጠገቤ ቆሞ አፍንጫውን ይናፈጣል።

«ወዳጆቼ የእኛ እጅ አለበት ይላሉ» አለኝ በቋንቋው። «ከሆነ በሮማ ኤግዚቢሽን ላይ ትታያለች። ከአራት መቶ ዓመት በፊት እዚህ ነበርን ማለት ነው፣ ይገባሻል? ካልሆነ ለሰውዬው እሰጠዋለሁ። እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ሲኞሪና።»

«ብርሃን ያስፈልገኛል» አልኩ።

መስተዋት ስለሌለኝ መስኮቱ አጠገብ ወስጄ ከጎን በሚመታው ፀሐይ አየኋት። እንዲህ ሲታይ ቀለም ሁሉ እንደ መሬት ጉብታና ጎድጓዳ ይሆናል። የድሮው የፊት መስመር ከሁለተኛው ዓይን ሥር እንደ ክር ጎልቶ ይታያል። ከመስመሩ ወዲያ፣ ልክ የዓይኑ አብዛኛው ክፍል ያለበት፣ ባቄላ የምታህል ጎድጓዳ አለች፤ የፈረንጁ ቀለም እዚያ ቦታ ከመሸፈኑ በፊት ተላልጦ ነበር ማለት ነው። ይህን በልቤ ያዝኩ። «ነገ በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብዬ ወጣሁ።

መምሬ ተክሌ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን አቀርቅሬ አለፍኩ። እስከ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ ኋላዬን አላየሁም።

ቂርቆስ ስደርስ እትዬ አስካለ ጫማዬን ተቀብላ ጭቃውን በቢላዋ መፋቅ ጀመረች። ምግብ አቀረበች፣ አልበላ አለኝ።

«ምን አሳዩሽ?»

«ሥዕል።»

«ሥዕል እኛም እናያለን። ሥዕል እንዲህ አያገረጣም።»

ልነግራት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ነገ የሚያስጠይቃትን ነገር ለእሷ ማውረስ መስሎ ታየኝ። እሷም አልደገመችም። አንድ ነገር ግን አለች፦ «እኔ ፈረንጅ ሲጠይቀኝ እንቁላሉ የዛሬ ነው እላለሁ። የትላንት ሲሆንም የዛሬ ነው እላለሁ። ብቻ የተሰበረ አልሰጥም።» ከዚያ ጋቢውን እግሬ ላይ ጣለችብኝ።

ያን ምሽት ሪፖርቱን ጻፍኩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ከቀለሙ በታች የተለጠፈው ጨርቅ የአገር ፈትል ነው። ጽሕፈቱ ግዕዝ ነው። ዳራው ሰማያዊ የአገር ቀለም ነው። መልአኩ ሁለት ዓይን አለው፤ የኢጣሊያ ሠዓሊዎች በጎን የቆመን ሰው እንዲህ አይሥሉም። ያልጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ነገሩ ሁሉ ነው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዶቶሬው ቆሞ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ።

«ጥሩ ተማሪ ነበርሽ» አለኝ። «ስለ እንጨት ጠየቅሁሽ እንዴ?»

ከመሳቢያው ጥጥና አንድ ጠርሙስ አልኮል አወጣ። «የላይኛው ቀለም ቢለቅ ከሥሩ ምን እንዳለ እናያለን። እዚህ።» ጣቱ መልአኩ ሁለተኛ ዓይን ላይ አረፈ። «ይቺ ዓይን አስቀያሚ ናት። ከእሷ ጀምሪ።»

አልኮል የእኛን ሠዓሊዎች ቀለም እንደማያስለቅቅ አውቃለሁ፤ ቀለማቸው ከቆዳ ሙጫ ጋር የተለወሰ ነው፣ የሚፈራው ውሃን ነው። ደስ ብሎኝ ነካሁት። ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። እንደገና፣ ነጭ። አለቀ ብዬ እጄን ሳነሳ ዶቶሬው ትዕግሥቱ አልቆ ሌላ ጥጥ በምራቁ አረጠበና ራሱ ማሸት ጀመረ። ዓይኑ ወዲያው መሟሟት ያዘ። ጥቁሩ ብሌን ወደ ጉንጩ ፈሰሰ። የሚያሸው ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ መስመሩ። የስንዴ ፍሬ ያህል ቢገባ የድሮው ግንባርና አረንጓዴው ይወጣሉ።

በሕይወቴ የባዕድ ሰው እጅ ይዤ አላውቅም። ያን ጊዜ የእጁን አንጓ ያዝኩ።

«ይፍቀዱልኝ» አልኩት። «እጅዎ ይከብዳል። ሥሩ ያለውንም ይዞት ይሄዳል።»

አየኝ። ጥጡን ለቀቀልኝ።

በፊሬንዜ ሦስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ ለዚያ ሩብ ሰዓት ነበር ማለት እችላለሁ። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በትንሽ በትንሹ ጠረግሁ። ጥጡ በየጊዜው ይጠቁራል፣ እለውጠዋለሁ። ስሙን የማናውቀው ሠዓሊ ያቺን ዓይን በስንት ጥንቃቄ እንደቀባት እጄ ሥር እየተሰማኝ ነበር የማጠፋት። ጎድጓዳዋ ስትጸዳ ነጭ ኖራ ወጣ፣ ከኖራው መሃል ሁለት ሦስት ክር ጥጥ። መስመሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ዶቶሬው የራሱን መስተዋት አምጥቶ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ።

«ባዶ ነው» አለ።

«ኖራና ጨርቅ ነው» አልኩ።

ቀና አለ። «ሪፖርቱን ተዪው። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። የእኛ ነው ወይስ አይደለም?»

የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ ብሎኝ ነበር አባቴ። «አይደለም» አልኩ። በዚያ ጉዞ የዋሸሁት ያቺን አንድ ቃል ነው። በቋንቋቸው ሁለት ፊደል ብቻ ናት።

አፍንጫውን ተናፈጠ። ቅር ያለው እንጂ የተናደደ አይመስልም ነበር። ወረቀት ላይ ፈርሞ ማኅተም መታ። ሥዕሏ ለቄሱ ትሰጥ፤ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ካሚዮን ይጫኑ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ አይሠራም። ሐሳቡን ቢለውጥ ብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ፣ ሥዕሏን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን።

መምሬ ተክሌ ተነሡ። ማኅተሙን ሲያዩ ተሻገሩ፣ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ጋዜጣውን ገለጡ።

ቡሉቅባሹም አንገቱን አስግጎ አየ፣ ወዲያው ፊቱን አዞረ። የመልአኩ ግራ ዓይን ያለበት ቦታ ነጭ ጠባሳ ሆኗል። የቀረው አንድ ዓይን፣ በጎን።

«ይሄ ማነው?» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ…»

«የተወሰደብኝ መልአክ ነበር። ምን ይዤ ነው የምመለሰው? ገዳሙ ሁሉ ወጥቶ ይቀበለኛል። አንድ ዓይን ያለው ነገር ከመቅደስ አላስገባም። እዚሁ ብትቀር ይሻላታል።»

የቀረኝን ሁሉ ያን ጊዜ ነገርኳቸው፣ እያጉተመተምኩ። የሠራት ፈረንጅ መሆኑን፣ መዋሸቴን፣ ዓይኑን እኔ ባላጠፋው ዶቶሬው አሽቶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያወጣው እንደነበር። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር።

«የፈረንጅ መሆኗን አጥተነው መሰለሽ?» አሉ። «አባቶቻችን ነግረውናል። ፈረንጁ ሣላት። ወጉን አያውቅም፣ መልአኩን ሰይጣን አስመሰለው። ከዚያ የእኛው መነኩሴ ዓይን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ነው የተሳለመናት። እኔን ቢጠይቁኝ ግን እኔም አይደለም እል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።» ቀጥለውም፣ «ዓይኑን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ። መልሺለት» አሉኝ።

«እኔ ሥዕል የምመለከት እንጂ ሠዓሊ አይደለሁም፣ አባ። እጄ ይፈራል።»

«ይፍራ። ኡራኤል ግቢ ነው የማድረው። ነገ እስከ አራት ሰዓት እዚያ ነኝ።»

ወደ ቂርቆስ ስመለስ ከተቆፈረው መሠረት አጠገብ ጎንበስ ብዬ ቀይ አፈር በመሐረቤ ቋጠርኩ። ዘበኛው ሲያየኝ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ጫማዬ ክር አልነበረውም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ እትዬ አስካለን አንድ እንቁላል ስጪኝ አልኳት።

ቆማ አየችኝ። «በጾም? በዓርብ?»

«ለመብል አይደለም።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ዓይን ልሠራበት ነው።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከዶሮዎቹ ጎጆ ውስጥ ገና የሞቀውን አመጣችልኝና «የዛሬ ነው» አለች፤ «እውነቴን ነው።»

ኡራኤል ስደርስ ኪዳን አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። መምሬ ተክሌ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ሥዕሏን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ይጠብቁኛል። እንቁላሉን ሰበርኩ፤ አስኳሉን ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጥኩ ከነጩ ለየሁት። ቅርፊቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፈጨሁት፤ ነጭ ቀለም እሱ ሆነኝ። ለሥጋው የካዛንቺስን አፈር አርጥቤ አጠለልኩ፤ ሁለቱንም እንዲይዙ በአስኳሉ ለወስኩ። ጥቁሩን መምሬ ከቀለም ቀንዳቸው አፈሰሱልኝ፣ ቀጭኑን ብዕራቸውንም ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ ትንፋሼን ያዝኩና ለቀቅሁ። ሦስተኛው ላይ መስመሩን ሳብኩ።

የድሮውን ሠዓሊ ዓይን ልደግመው አልሞከርኩም። እሱ እንዴት እንደቀባው በእጄ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ስለዚህም ልሸፍጥ አልፈለግሁም። የእኔ ዓይን ትንሽ አነስ አለች፣ ትንሽም ወደ ታች አየች። አንድ ቀን አንድ ጠንቃቃ ሰው ከጎን ብርሃን ቢያያት ሦስት እጅ እንዳለባት ያውቃል።

መምሬ ተጠግተው ብዙ አዩት። «መልአኩ ያፍራል» አሉ።

«ልሰርዘው?»

«ተዪው። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ያየዋል፣ ይለምዳል።»

ቀለሙ እስኪደርቅ በጭራቸው ዝንብ እየከላከሉ ቆሙ። ከዚያ ነጭ ነጠላ አውጥተው ጠቀለሏት፣ በጀርባቸውም አዘሏት። የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። አመተ ማርያም ነው አልኳቸው። ከሥዕሏ ጀርባ ላይ ልጻፈው ቢሉኝ፣ ወታደር ቢያነበው ብዬ እምቢ አልኩ። ስሜን ሦስት ጊዜ ደግመው በአፋቸው ያዙት፣ መንገድ ላይ እንዳይጠፋቸው።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ካሚዮኑ መጣ። እሳቸው ከጆንያዎቹ መሃል ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ተቀመጡ። ካሚዮኑ ኩርባው ላይ እስኪሰወር ቆምኩ፤ ከዚያ ከቧንቧው ውሃ ቀድቼ እጄን ታጠብኩ። ቀዩ አፈር ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። እንደዚያው ሆኜ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩና የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ቆረጥኩ።